በወላሂ የተዘራ ሱፍ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ቢያንስ ገደሉ ይታየዋል። እኔ የቆምኩት ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ጥላው ደስ ይላል፣ ነፋስ ሽው ይላል፣ ሰውም ተሰብስቦ ያዳምጠኛል። ሰው ሲያዳምጠኝ ደግሞ እኔ አልችልበትም። ያኔ የተናገርኩትን ዛሬ ድረስ ሆዴ ያስታውሰዋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ አሶሳ ተቀምጬ በየመንደሩ እየዞርኩ ገበሬ የማስተምር የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ማሽላ፣ ስለ በቆሎና ስለ ኦቾሎኒ ተናግሬያለሁ። ገበሬዎቹ ከእኔ በላይ ስለሚያውቁ በትሕትና አፋቸውን ሸፍነው ያዛጋሉ፣ ስጨርስ ያመሰግኑኛል፣ ከዚያ ቤታቸው ሄደው እንደ ልማዳቸው ያርሳሉ። እንዲህ ተከባብረን ስንኖር አምና ሱፍ አበባ መጣብን።

ሁለት ቀን ሠለጠንን። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁ ግን ወፍራም ሰው ነበር። “ከዚህ ተክል የሚጣል ነገር የለም” አለን። ፍሬው ይበላል፣ ዘይት ይወጣዋል፣ ፋጉሎው ከብት ያደልባል፣ አገዳው ይነድዳል። እምቡጡን ቀቅለው የሚበሉ አገሮች አሉ። ቅጠሉን ለሳልና ለትኩሳት አፍልተው የሚጠጡ አሉ። ዘይቱ የተሰነጠቀ ተረከዝ ያለሰልሳል። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስለ ወገብ ሕመም አላለም። እሱን ከራሴ አመንጭቼ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለምን ቢባል፣ ማንጎው ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ሦስቱ ወገባቸውን ይዘው ስላየኋቸው ነው። አንዱን፣ ሼህ ባበክርን፣ “ለጉልበትም ነው” አልኳቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ስለነበር።

መንደሯ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች የበርታ መንደር ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። በመጨረሻ ከሴቶቹ መሀል አንዲት ቀጠን ያለች፣ ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ የጣለች ሴት ተነሣች። ሐዋ ትባላለች።

“ኡስታዝ” አለችኝ። አስተማሪ ማለቷ ነው፤ እኔም ማዕረጉን አልጠላሁትም። “ይሄ አበባ አንተ ቤት ይበላል?”

“እንዴታ!” አልኩ። “ጠዋት ማታ!”

እውነቱን ልናገር። በእኛ ቤት ሱፍ የሚበላው በዓመት አንዴ፣ በሁዳዴ፣ ባለቤቴን ደስ ካላት ነው። እሱም ቢሆን ያ እሾኻሙ ያገራችን ሱፍ ነው። የዚህን ፀሐይ የሚያክል አበባ ፍሬ በዕድሜዬ ቀምሼው አላውቅም።

“ማን ይገዛል?” አለች።

“ነጋዴው መኪና ይዞ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል።”

“ካልመጣስ?”

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው ቢሆን “እንግዲህ እናያለን” ብሎ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ነፋሱ፣ ጥላው፣ የሰዉ ዓይን…

“ካልመጣ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ!”

“ወላሂ በል።”

ያዛጋ የነበረው እንኳ አፉን ገጠመ። እኔ ረቡዕና ዓርብ የምጾም፣ የንስሐ አባት ያለኝ ክርስቲያን ነኝ።

“ወላሂ” አልኩ።

ሌሎቹ ገበሬዎች ብልሆች ናቸው። ዘሩን ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ፣ ከማሳቸው ዳር ዳር አንድ ሁለት መስመር ዘርተው እኔንም እርሻቸውንም ሳያስቀይሙ ቀሩ። ሐዋ ግን ኦቾሎኒ የምታመርትበትን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ሱፍ አበባ አለበሰችው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሦስት ልጆች አሏት። ከዚያ ማሳ ሌላ መሬት የላትም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ባለሙያ ብዙ ነገር የሚያውቀው በኋላ ነው።

መስከረም ላይ አበበ። እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ኮረብታው ላይ ሆኖ ላየው መሬቱ ራሱ የበራ ይመስል ነበር። ከአሶሳ ሙሽሮች ሳይቀሩ እየመጡ ፎቶ ተነሡበት። የበላይ አለቆቼም መጡ። እኔ አንድ እጄን ወገቤ ላይ፣ አንድ እጄን አበባው ላይ አድርጌ የተነሣሁት ፎቶ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ፎቶው ላይ ሐዋ የለችም። ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር።

ኅዳር ሲገባ አበቦቹ አንገታቸውን ደፉ። ሱፍ አበባ አንገቱን የሚደፋው ሲደርስ ነው፤ ሰው ግን ሲያጠፋ። እገዛለሁ ብሎ የነበረው ነጋዴ ጋ ደወልኩ። “ነገ እመጣለሁ” አለኝ። በሳምንቱ ደወልኩ። “ለሳምንት” አለኝ። በሦስተኛው ስደውል ያቺ ድምፀ መልካም ሴት አነሣችው፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከነጋዴው ይልቅ ከእሷ ጋር ተላመድን።

ያኔ እንደ ሰው ተነሥቼ መንደሯ ሄጄ “ነጋዴው ቀርቷል፤ ምን ይሻላል?” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መንደሯን መሸሽ ጀመርኩ። የመስክ ሥራ ሲደርሰኝ ጉንፋን ይይዘኛል፤ ጉንፋኑ ሲለቀኝ “ወደ ባምባሲ አድርጉልኝ” እላለሁ። ባምባሲ ከመመላለሴ ብዛት አንድ ገበሬ፣ “አንተ ሰው፣ ለምን እዚሁ ቤት አትሠራም?” አለኝ። ኩርሙክ የሚል ታፔላ ያለበትን መኪና ሳይ ደግሞ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ እላለሁ። ክር የሌለው ጫማ አድርጌም ጎንበስ ያልኩበት ጊዜ አለ።

ጥር ውስጥ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ ግማሹ በሳሙና ተሸፍኖ መስተዋት ፊት ቆሜያለሁ። አንድ አይሱዙ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። በሩን የከፈተችው ባለቤቴ ናት። ባለቤቴ ትዕግሥት ትባላለች፤ ወላጆቿ ይህን ስም ሲያወጡላት የእኔን መምጣት አስቀድመው ያወቁ ይመስለኛል።

“ሰላም አለይኩም። ኡስታዝ ቤት አለ?” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምላጩ እጄ ላይ ቀረ።

“አለ፤ ማን ልበለው?”

“ሐዋ በል። ሱፍ አመጣሁ በል።”

የሐዋ አፍ መፍቻ የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት ብዙም አትለይም። ትዕግሥት ግን ግራ የተጋባችው በዚህ አልነበረም። “የምን ሱፍ?” አለች። ልብስ መስሏታል። እኔ ደብቄ ሙሉ ሱፍ ላሰፋ፣ ያውም በሴት እጅ ላሰፋ! ፊቷን ወደ እኔ ስትመልስ ሳሙናው ፊቴ ላይ ደረቀ።

ሐዋና ሾፌሩ እየተጋገዙ ስድስት ማዳበሪያ ሙሉ ሱፍ ግቢያችን ውስጥ ደረደሩ። እኔም ግማሽ ጺሜን ይዤ ወጣሁ። ስድብ ጠብቄያለሁ። ለስድብ ተዘጋጅቼም ነበር፤ መልስ ሁሉ አሰናድቻለሁ። ሐዋ ግን አልተሳደበችም።

“ኡስታዝ፣ ‘ነጋዴ ካልመጣ እኔ እወስዳለሁ’ አልክ። ነጋዴ አልመጣም። አንተም አልመጣህም። ታመመ ብዬ እኔ አመጣሁ።”

ታመመ ብላ።

“ሐዋ፣ አሁን እጄ ላይ ገንዘብ…”

“ብር አላልኩም። ማሽላ ስጠኝ፣ በቆሎ ስጠኝ። ልጆች አበባ አይበላም።”

ጎተራ ገባሁ። እህል ማቀበል የጀመርኩት በማሽላው ነው። ከዚያ በቆሎው ተከተለ። አይሱዙው ገና ባዶ ይመስላል፤ ሐዋም ቆማ ታያለች። አማቴ ከጎጃም የላኩልንን የጤፍ ነገር ባልናገር ይሻለኛል። ብቻ ሳሙናው ሲደርቅ ፊት ያሳክካል፤ እያከክሁ ተሸከምኩት።

ሐዋ ልትሄድ ስትል የትዕግሥትን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። “ኡኽቲ” እኅቴ ማለት ነው፤ ከልቧ ነው የተናገረችው። “ኡኽቲ፣ አንቺ ዕድለኛ ነው። ባልሽ ሱፍ ይወዳል። ‘ቤታችን ጠዋት ማታ ይበላል’ ብሎ ነገረን።”

መኪናው ሄደ። አቧራው ረጋ። ትዕግሥት ባዶውን ጎተራ አየች፣ ስድስቱን ማዳበሪያ አየች፣ በመጨረሻ ግማሽ ጺሜን አየች።

“ጠዋት ማታ?” አለች።

“ንግግር እኮ ነው፤ ለማበረታታት…”

“መልካም” አለች።

ባለቤቴ ስትቆጣ አልፈራትም። “መልካም” ስትል ግን እፈራለሁ።

በማግሥቱ ቁርስ ቆሎ ሆነ። የሱፍ ቆሎ። ማንም ቢሆን አንድ ፍሬ በጥርሱ ገልብጦ፣ ሰንጥቆ፣ ቅርፊቱን ተፍቶ፣ ያቺን ቅንጣት ውስጥ ሲያገኛት ይደሰታል። ሁለተኛዋን ሲፈለፍል ይዝናናል። ሃምሳኛው ላይ ሲደርስ ግን ለመጥገብ የሚቀረውን ጊዜ ማሰብ ይጀምራል። እኔ ባሰላው ከጡረታዬ በኋላ ነው። ስለዚህ ቸኮልኩ፤ ቸኩዬም ከነቅርፊቱ መቆርጠም ጀመርኩ። ትዕግሥት አይታኝ ሥራዋን ቀጠለች።

ማታ ፍትፍት ሆነ። ሱፉን ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ፣ በጨርቅ አጠለለችው። ያገራችን ሱፍ ሲጠለል ወተት ይመስላል። ይህ የክረምት ጎርፍ መሰለ። ሽንኩርቱና ቃሪያው ላዩ ላይ ተንሳፍፈው ጎርፍ የወሰዳቸው እንጂ ሰው የጨመራቸው አይመስሉም። በሦስተኛው ቀን የሱፍ ዱቄት የገባበት ዳቦ ተጋገረ። ዳቦው ሲቆረስ ድምፅ ነበረው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችን ሜሮን አንድ ጊዜ ጎርሳ አኘከች፣ አኘከች፣ አኘከችና፣

“አባዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?” አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜሮን ጓደኛዋ ቤት ማጥናት አዘወተረች። በተለይ በምሳና በእራት ሰዓት ጥናቱ ይበረታል።

ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ወሬውን ሰምተው መጡ። ጋሽ ይመር በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ስለ ሁሉ ነገር የሚሉት አላቸው። ማዳበሪያውን ፈትተው፣ አንድ እፍኝ ዘግነው፣ ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

“ስማኝማ የኔ ጌታ፣ ይሄ ሱፍ አይደለም” አሉኝ። “ሱፍ ማለት እሾኽ ያለው የኛው ነው። ይሄ የፈረንጅ ሱፍ ነው። ፈረንጅ ደግሞ ይሄን የሚያበላው ለወፍ ነው።”

ሳል ጀምሮኝ ነበር። ቅርፊቱ ጉሮሮዬን ፍቆት ይሁን ሐፍረቱ፣ እንጃ። ጋሽ ይመር ግን ከዚያው ከሱፉ መድኃኒት አላጡም። ቅጠሉ ይፈላና ይጠጣል አሉኝ። ሐዋ ፍሬው እንዳይፈስ ማዳበሪያዎቹን በደረቅ ቅጠል ነበር የወተፈቻቸው፤ ያንኑ አፈላሁት። ምሬቱ ሳሉን አላቆመውም፤ ሰው የማናገር ፍላጎቴን ግን ለአንድ ቀን አቆመው። ለደረቴ ደግሞ ጋሽ ይመር ራሳቸው የወቀጡትን ሱፍ አሙቀው በጨርቅ ቋጥረው ለጠፉልኝ። ግቢ ስወጣ ዶሮዎቹ ተከተሉኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አራት ቀን ሆነኝ። የምን አራት ቀን እንደሆነ የገባችሁ አንባቢዎች እዘኑልኝ፤ ያልገባችሁም ጤና ይስጣችሁ። ሱፍ መብላት በጀመርኩ በስምንተኛው፣ ይህ በጀመረኝ በአምስተኛው ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ጎንበስ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ወጣት ናት፤ እንደ እኔው ከሩቅ ተመድባ የመጣች።

“ምንድን ነው የበላኸው?”

“ሱፍ።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “የሚለበሰውን?”

“አበባውን።”

“አበባ በላህ?”

“ፍሬውን። ከነቅርፊቱ። ለስምንት ቀን።”

እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች። “ወፍ እንኳ ቅርፊቱን ተፍታ ነው የምትበላው” አለችኝ።

“ወፎቹ ሥልጠና አልወሰዱም” አልኳት።

አልሳቀችም። እኔም ለቀልድ አልነበረም ያልኩት። ሆዴን ተጭና መረመረችኝ፣ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ውኃ በብዛት እንድጠጣ ነገረችኝ። አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ ወደ ሆስፒታል ትልከኝ እንደነበርም ነገረችኝ። ያን ቀን ስለደረሰብኝ አልተርክም። እንዲህ ያለው ነገር በሰውና በፈጣሪው መካከል ነው።

ማታውን ፊቴ ገርጥቶ ስጋደም ትዕግሥት ኩርሲ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቁጣዋ በርዶላት ነበር።

“እስከዚህ ድረስማ አልፈለግሁም ነበር” አለች። “አንድ ሦስት ቀን ትበላና ትማራለህ ብዬ ነው።”

“ተምሬያለሁ።”

ኩርሲዋን ጠጋ አደረገች። ከዚያ፣ “ያቺ ሴት ግን ቤቷ የቀረ ሱፍ አላት?” አለችኝ።

“ሁለት ማዳበሪያ ይቀረኛል ብላለች።”

“ልጆቿ ታዲያ እንዴት አድርገው ነው የሚበሉት? በዚህ ቅርፊት ሕፃን ልጅ አይሞትም?”

“እንጃ።”

“አልጠየቅሃትም?”

“አልጠየቅኋትም።”

“ታዲያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ እየሄድክ የምትሠራው ምንድን ነው?”

ይህን ጥያቄ አንድም አለቃ ጠይቆኝ አያውቅም። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለታችንም ተነሥተን ሄድን። እኔ ልሂድ ብል ትዕግሥት አላመነችኝም፤ ብቻዋን ልትሄድ ብትል የሐዋን ቤት የማውቀው እኔ ነኝ። መንገዱ አቧራ ነው። የተሳፈርንበት መኪና ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሆዴ ጤና ጣቢያውን ያስታውሰኛል።

መንደሯ ስንደርስ መጀመሪያ ያገኘናቸው ሼህ ባበክርን ነው። ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ከሰላምታ በኋላ ጀለቢያቸውን ገለጥ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩኝ።

“ቅጠሉን አሰርኩት። ሰባት ቀን። ቅጠል ደረቀ፣ ጉልበት እንደ ድሮው ነው።”

“ሼህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ጉልበት ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ጤና ጣቢያ ይታዩት” አልኳቸው። ይህን መናገር ያን ፍትፍት ከመዋጥ ይከብድ ነበር። ሼሁ ጀለቢያቸውን መልሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የነቀነቁት በእኔ ይሁን በጉልበታቸው አልገባኝም።

የሐዋን ማሳ አልፈን ነው ወደ ቤቷ የሚገባው። የደረቀው አገዳ እንደቆመ ነው፤ ራስ የለውም። በግራም በቀኝም ያሉት ጎረቤቶቿ ኦቾሎኒያቸውን ነቅለው፣ አድርቀው፣ ደጃቸው ላይ ከምረውታል። የእሷ ደጅ ባዶ ነው።

ሐዋ ከቀርከሃ አጥሯ ወጥታ ተቀበለችን። ምንጣፍ አነጠፈችልን፣ ውኃ ሰጠችን። ትዕግሥትን “ኡኽቲ” እያለች ደጋግማ ሳመቻት። እኔን ሰላም አለችኝ። ከዚያ ሦስታችንም ተቀመጥን።

“ሰው ምን አለ?” አልኳት በመጨረሻ።

“ሳቀ።”

“ልክ ነው፤ ይሳቅብኝ። ይገባኛል። ያን ሁሉ ተናግሬ…”

“አንተን አይደለም” አለች ሐዋ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “አንተ እዚህ የለህም። እኔን ነው የሳቀው። ውኃ ስቀዳ ‘አበባ መጣ’ ይላል። ልጆቼን ‘የአበባ ልጅ፣ አበባ በላህ?’ ይላል። ትልቁ ልጅ ከሰው ጋር ተጣላ። ጥርሱ ተሰበረ።”

ትዕግሥት ምንጣፉን አየች። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ጫማ እያሰርኩ ስሸሽ የሸሸሁት ስሜ እንዳይጠፋ ነበር። ሳስበው ስሜንማ ማንም አላነሣውም። እኔ ባምባሲ ስመላለስ በእኔ ቃል የሚሰደበው የሰው ልጅ ነበር። በሆዴ የደረሰብኝንም እንደ ትልቅ መከራ ለሰው ሳወራው ሰንብቻለሁ። አፈርኩ። እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ፤ የቀድሞው ግን ሰው እንዳያየኝ ነበር።

“ሐዋ፣ አጥፍቻለሁ” አልኩ። “የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ነገርኩሽ። ቤቴም ሱፍ አይበላም ነበር። ነጋዴው መቅረቱን ሳውቅም ተደበቅሁ። አልታመምኩም።”

“አውቃለሁ” አለች። “መጀመሪያ ታመመ ብዬ ነበር። ቤትህ ስመጣ አየሁህ። ወፍራም ነህ።”

ትዕግሥት ሳቋን ለመያዝ ጉንጯን ነከሰች። ሐዋ ግን ይቅር ብዬሃለሁም፣ አላልኩህምም ሳትል ተነሣች። “ምሳ ደርሷል” አለች።

ትዕግሥት ተከትላት ጓዳ ገባች። እኔም በሩ ላይ ሆኜ አየሁ። ሐዋ አንድ እፍኝ ሱፍ ወፍጮ ድንጋይ ላይ አድርጋ ሳትፈጭ፣ እንዲያው ገፋ ገፋ አድርጋ ሰነጠቀችው። ከዚያ ውኃ የሞላበት ቅል ውስጥ ጨመረችና በእጇ አማሰለችው። ቅርፊቱ ሁሉ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ ነጩ ፍሬ ታች ዘቀጠ። ቅርፊቱን በመዳፏ ጠርጋ አፈሰሰችው። አለቀ።

ትዕግሥት ዞራ አየችኝ። እኔም ደብተር አላወጣሁም።

አስቀድማ ያዘጋጀችው ፍሬ ደግሞ ነበር። ታምሶ፣ ልክ እንደ ኦቾሎኒ ተፈጭቶ፣ ዘይቱ ወጥቶ ሊጥ ሆኗል። ደርቆ ከተፈጨ ባሚያ ጋር ወጥ ሠራችበት። የማሽላ ገንፎ አወጣችና ወጡን አፈሰሰችበት። ማሽላውን አወቅሁት፤ የእኛው ጎተራ ማሽላ ነው።

“ዛሬ ረቡዕ ነው” አለቻት ትዕግሥትን። “እናንተ ሥጋ አይበላም። ሥጋ የለበትም፣ ቅቤም የለበትም። ቢስሚላሂ፣ ብሉ።”

በስመ አብ ብለን ቀረብን። ሰባት ሆነን ከአንድ ገበታ በላን፤ ሐዋ፣ ሦስቱ ልጆቿ፣ የባሏ እናት፣ እኛ ሁለታችን። ትልቁ ልጅ የተሰበረች ጥርሱን እየደበቀ ይጎርሳል። ስለ ጣዕሙ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ግን ስለ ሱፍ ብዙ ማለት ምን እንደሚያስከትል አይታችኋል። ትዕግሥት ገበታው ባዶ ሲሆን “ጭማሪ አለ?” ብላ መጠየቋን ብቻ ልንገራችሁ። ትዕግሥት ሰው ቤት ሄዳ ጭማሪ ጠይቃ አታውቅም።

ነጋዴው እስከ ዛሬ አልመጣም። ግቢያችን የቀረውን ሱፍ ትዕግሥት ሐዋ እንዳሳየቻት ቅርፊቱን እየለየች ሁዳዴን አሳለፍንበት፤ ሜሮንም ጥናቷን ቤቷ መልሳለች። ጋሽ ይመር ከወጡ ቀምሰው፣ “ይሄ እንኳ የፈረንጅ አይደለም” ብለው ፈርደዋል። ሐዋ ዘንድሮ ማሳዋን ኦቾሎኒ ዘርታ፣ ዳሩን አራት መስመር ሱፍ አበባ አድርጋለች። እኔ አላልኳትም። ስንት መስመር እንደሚሻል እንኳ የጠየቀችው ትዕግሥትን ነው።

ያን ረቡዕ ግን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝም ብዬ ተመርቄ መሄድ አልሆነልኝም።

“ምን ላግዝ?” አልኳት ሐዋን።

ጓዳ ያለውን ሁለት ማዳበሪያ አየች። ከዚያ እኔን አየች። ወፍጮ ድንጋዩን ከትዕግሥት ጋር ተጋግዘው አወጡና ደጅ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር አኖሩት።

“ፍጭ” አለችኝ።

በዚያ አገር ወንድ ልጅ ወፍጮ ላይ አይንበረከክም። በእኔም አገር አይንበረከክም። ተንበረከክሁ። ሱሪዬ ጠበበኝ፣ ጉልበቴ ጠጠር ላይ ሆነ፣ የድንጋዩን መጅ በሁለት እጄ ይዤ ስገፋው ሱፉ ወደ ፊት ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። መጀመሪያ ያዩኝ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ጮኸው ሌሎች ልጆች ጠሩ። ከዚያ ከውኃ የሚመለሱት ሴቶች ጀሪካናቸውን ተሸክመው መጡ፤ ቆመው አዩኝ፣ አንዷ ጀሪካኗን አወረደች፣ ሌሎቹም አወረዱ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከማንጎው ሥር ወንዶቹ መጡ። ያ ሁሉ ትምህርት ስሰጥ ያዛጉ የነበሩት አንዳቸውም አላዛጉም። አንዱ አያያዜን ሊያርመኝ ሞከረ፤ የገዛ ሚስቱ “አንተ ምን ታውቃለህ” አለችው መሰለኝ፣ እንደገና ሳቁ።

ቀና ብዬ ሐዋን አየኋት። በሩ ላይ ከትዕግሥት ጋር ቆማለች። እሷም ሳቀች። መጀመሪያ በሻሿ አፏን ሸፈነች፤ በኋላ ሻሿን ለቀቀችው። ትልቁ ልጅዋ ከአጠገቧ ቆሞ የተሰበረች ጥርሱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ይስቃል።

ሼህ ባበክር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሰዉን ከፍለው መጡ። በምርኩዛቸው ጉልበቴን ጠቆሙ። ከዚያ በበርታ ቋንቋ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀመጠች።

“ምን አሉ?” ብዬ ሐዋን ጠየቅኋት። “ሐዋ፣ ምን አሉኝ?”

ሐዋ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፣ ሳቁ መለሰባት፣ እንደገና ጠረገች።

“ማሌሽ፣ ኡስታዝ” አለችኝ፤ አይዞህ፣ ግድ የለም እንደ ማለት ነው። “አንተ ፍጭ።”

ፈጨሁ።